ረግረጉ ባዶ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ጋዜጣችሁን የማነበው አብዛኛውን ጊዜ መኪናዬ ውስጥ፣ ጭነት እስኪወርድ ስጠብቅ ነው። ባለፈው ዕትም አንድ ወንድማችን ፍሎሪዳ ረግረግ ላይ ስለተሰራው የስደተኞች ማቆያ ጽፈው ነበር። «እኛን ምን አገባን? ሕግ የጣሰ ይታሰር፤ ያውም ሰው በሌለበት ቦታ ነው የተሰራው» ይላሉ። ስለ ሕጉ ኋላ እመጣበታለሁ። «ሰው በሌለበት» የምትለዋ ግን አላስተኛችኝም። ቦታውን አውቀዋለሁ። ወርና ዓመቱን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ እዚህ ከኖርኩ ወዲህ የእኛው አቆጣጠር ራሱ ይምታታብኛል።

በጁን 2025 መጨረሻ ላይ ጭነት የሚያገናኘኝ ዲስፓቸሬ ደወለልኝ። አበሻ ነው፤ ጨዋታ ይወዳል። «ሎተሪ ወጥቶልሃል» አለኝ። ከታምፓ ኦቾፒ የሚሄድ ሎድ (ጭነት)፣ ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት፣ ክፍያው ከወትሮው እጥፍ። ገርሞኝ «ኦቾፒ ደግሞ ምን አለ?» አልኩት። ኦቾፒን የማውቃት በፖስታ ቤቷ ነው። በአሜሪካ ትንሿ ፖስታ ቤት እሷ ናት፤ የእኛ አገር የዘበኛ ቤት ታክላለች። «አሮጌ አየር ማረፊያ አለ፤ እዚያ ላይ ለስደተኛ እስር ቤት እየሰሩ ነው። ቶሎ በል፣ ሰው ይወስደዋል» አለኝ።

ዝም አልኩ። ከዚያ «ሌላ ፈልግልኝ» አልኩት። «አብደሃል?» አለኝ። ሊሆን ይችላል።

ሎዱን ጓደኛዬ ወሰደው። አልፈረድኩበትም። ሦስት ልጆች አሉት፣ የመኪና ዕዳ አለበት። ሌሊት ነው የደረሰው። «ከፊቴም ከኋላዬም ትሬለር ብቻ ነበር» አለኝ ሲመለስ። ድንኳን የጫነ፣ ጄኔሬተር የጫነ፣ የሽቦ አጥር የጫነ፣ የመብራት ምሰሶ የጫነ፣ አስፋልት የጫነ። ውሃ በቦቴ ይገባል፣ ቆሻሻው በቦቴ ይወጣል፤ ቧንቧ የሚባል ነገር የለም። ሁሉን በ8 ቀን አቆሙት። እኔ ቤቴ ውስጥ አንድ መታጠቢያ ቤት ለማደስ ከከተማው ፈቃድ ለማግኘት ሁለት ወር ጠብቄያለሁ።

እምቢ ያልኩት ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። እኔም ታስሬ ስለማውቅ ነው። በ2016 ከብራዚል ተነስቼ፣ የዳሪየንን ጫካ በእግሬ ቆርጬ፣ ድንበር ላይ እጄን ሰጠሁ። ጥገኝነት ጠየቅኩ። ሰባት ወር ታሰርኩ። የት እንደሆነ መጥራት አልፈልግም፤ ሁሉም አንድ ነው። መብራቱ አይጠፋም። ሌሊትና ቀን አንድ ይሆንብሃል። አንድ የኤርትራ ልጅ ካልሲ ዓይን ላይ ማሰር አስተማረኝ። እስከ ዛሬ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆኜ እንኳ ካላሰርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሚስቴ ትስቅብኛለች።

ኦቾፒ ያለውን የጎበኙ የምክር ቤት አባላት በአንድ የሽቦ ክፍል 32 ሰው እንደሚተኛ፣ ለነዚያ ሁሉ ያሉት 3 ሽንት ቤቶች ብቻ እንደሆኑ ተናግረዋል። ከውስጥ በስልክ የተናገሩ እስረኞች ምግቡ ትል እንዳለበት፣ ትንኙ እንደማያስተኛ፣ መብራቱ እንደማይጠፋ ገልጸዋል። የግዛቷ ባለሥልጣናት ሐሰት ነው ይላሉ። ስለ ምግቡ አላውቅም። ስለ መብራቱ ግን ማንም ሊያሳምነኝ አይችልም።

አሁን ወደ ቦታው ልውሰዳችሁ። መንገድ 41 ታምፓንና ማያሚን ስለሚያገናኝ ታሚያሚ ይሉታል። በ1928 ነው የተከፈተው። የሚቸኩል ሹፌር በ75 ቁጥሩ አውራ ጎዳና ይሄዳል። እኔ በእረፍት ቀኔ፣ በቤት መኪናዬ፣ በ41 መሄድ እወዳለሁ። ምክንያቱን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ባሕር ዳርን ስለሚመስለኝ ነው። የሽምብጥ ልጅ ነኝ። ሣሩ ውሃ ላይ ቆሞ ነፋስ ሲያስተኛው፣ ነጫጭ ወፎች ብድግ ሲሉ፣ የደንገል ሽታ የሚመጣ ይመስለኛል። አይመጣም፤ ግን መስኮቱን እከፍታለሁ። አዞው ከቦዩ ዳር ፀሐይ ይሞቃል፤ ለሰው ግድ የለውም። ውሃው የተኛ ይመስላል እንጂ ይሄዳል፤ በጣም በዝግታ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ደቡብ ፍሎሪዳ የሚጠጣው ይህ ኤቨርግሌድስ የሚባለው ሰፊ ረግረግ ወደ መሬት የሚያሰርገውን ውሃ ነው። በዱር የቀሩት ፓንተር የሚባሉት የፍሎሪዳ ትልልቅ የዱር ድመቶች ከ230 አይበልጡም ይባላል፤ እስር ቤቱ ያለበት ቢግ ሳይፕረስ የሚባለው ረግረግ ከዋና ቤታቸው አንዱ ነው።

በዚያው መንገድ ዳር የሚኮሱኪ ሕዝብ መንደሮች አሉ። እኛ በልማድ ቀይ ህንድ የምንላቸው ማለት ነው። 600 ሰው ገደማ ናቸው። የጥንት ቤታቸው ቺኪ ይባላል። ቋሚው የሳይፕረስ ግንድ፣ ክዳኑ የዘንባባ ቅጠል፤ ግድግዳ የለውም። በኦገስት ከአንድ ሱቅ የዱባ ዳቦ ስገዛ ያስተናገዱኝ እናት ከብዙ ቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ፣ ቀለሙ ዓይን የሚይዝ ቀሚስ ለብሰው ነበር። ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ቀጥለው በአገጫቸው ወደ ምዕራብ አሳዩኝና «ማታ ኮከብ ማየት አቆምን» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ዳቦውን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ቢግ ሳይፕረስ ከ2016 ጀምሮ ለሰማዩ ጨለማ ዓለም አቀፍ እውቅና ያለው ቦታ እንደሆነ ያወቅኩት ቤቴ ገብቼ ሳነብ ነው።

እንግዲህ ሰው የለበትም የተባለው ይህ ነው። ጎሳው ለፍርድ ቤት እንዳስረዳው፣ ቢግ ሳይፕረስ ውስጥ ከቀሩት 15 ጥንታዊ መንደሮች 10ሩ ከእስር ቤቱ በ5 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ናቸው። የመቃብር ቦታቸው እዚያ ነው። በየዓመቱ የሚሰበሰቡበት የሥርዓት ቦታቸው እዚያ ነው። መድኃኒት የሚለቅሙትም ከዚያው ዱር ነው።

የፍሎሪዳ ዐቃቤ ሕግ ዕቅዱን በቪዲዮ ሲያስተዋውቁ ብዙ አጥር እንኳ አያስፈልግም ብለው ነበር። የሚያመልጥ ቢኖር የሚጠብቀው አዞና ዘንዶ ነው፤ የሚሄድበት የለም፣ የሚደበቅበት የለም አሉ። ይህን ስሰማ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የሚደበቅበት የለም?

ከ1817 እስከ 1858 ባለው ጊዜ የአሜሪካ ጦር ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት ጊዜ ዘመተ። የኋለኞቹ የሁለቱ ዘመቻዎች ዓላማ ነባሩን ሕዝብ ነቅሎ ዛሬ ኦክላሆማ ወደምንለው አገር መውሰድ ነበር። አብዛኞቹን ወሰዳቸው። ጥቂት መቶ የሚሆኑት ግን ልጆቻቸውን ይዘው ረግረጉ ውስጥ ገቡ። ወታደሩ ተከትሎ ሊያወጣቸው አልቻለም። የዛሬዎቹ የፍሎሪዳ ሚኮሱኪዎችና ሴሚኖሎች የነዚያ ሰዎች ልጆች ናቸው። ያ ረግረግ መንግሥት ሲያሳድዳቸው የሸሸጋቸው ነው። አሁን የሸሸጋቸውን ረግረግ የእስር ቤት ዘበኛ አድርገው ቀጠሩት። ያውም ባለቤቶቹን ሳይጠይቁ።

ስሙም አልካትራዝ ነው፤ «አሊጌተር አልካትራዝ»። አሊጌተር አዞው ነው፤ አልካትራዝ ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ያለች፣ በጥንት እስር ቤቷ የታወቀች ደሴት ናት። ስም ያወጣው ሰው ታሪክ ያነበበ አይመስለኝም። በ1895 ሆፒ ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ 19 ሰዎች ልጆቻችንን ለመንግሥት ትምህርት ቤት አንሰጥም በማለታቸው የታሰሩት እዚያው አልካትራዝ ደሴት ላይ ነበር። ይኸኛው ደግሞ ስሙ በቲሸርትና በኮፍያ ታትሞ ተሸጠ፤ የሸጠው የግዛቷ ገዥ ፓርቲ ነው። ፕሬዚዳንት ትራምፕም በጁላይ 1 መጥተው ሲጎበኙ፣ ከአዞ ለማምለጥ በቀጥታ መሮጥ አይበጅም፣ እየተጠማዘዙ ነው ብለው ቀለዱ። በዚያው ቀን ዝናብ ጥሎ ውሃው ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ገና አውሎ ነፋስ ሳይመጣ።

አየር ማረፊያው ራሱ ታሪክ አለው። በ1968 የማያሚ ሹማምንት በዓለም ትልቁን አየር ማረፊያ እንሰራለን ብለው ቢግ ሳይፕረስ ውስጥ መቆፈር ጀመሩ። ስድስት ማኮብኮቢያ ታስቦ ነበር። የኒውዮርክን ኬኔዲ አየር ማረፊያ አምስት እጥፍ ያክላል ተባለ። ያኔም «ረግረግ ነው፣ ምንም የለበትም» ነበር ነገሩ። ሚኮሱኪዎች ተቃወሙ። መሪያቸው ቡፋሎ ታይገር ይባሉ ነበር። እኚህ ሰው ቀድሞም የዋዛ አልነበሩም፤ ዋሽንግተን እውቅና እንቢ ስትላቸው በ1959 ሰዎቻቸውን ይዘው ኩባ፣ ፊደል ካስትሮ ዘንድ የሄዱ ናቸው። አሜሪካም በ1962 እውቅናውን ሰጠቻቸው። ማርጆሪ ስቶንማን ዳግላስ የሚባሉ ጸሐፊ ደግሞ በ1969፣ በ79 ዓመታቸው፣ «የኤቨርግሌድስ ወዳጆች» የሚል ማኅበር አቋቋሙ። በ79 ዓመት! እኔ በ44 ዓመቴ ወገቤን ይዤ ነው ከመኪና የምወርደው። የመንግሥት ሳይንቲስቶችም አጥንተው፣ ይህ ነገር ከተሰራ የደቡብ ፍሎሪዳ ተፈጥሮ ያልቅለታል አሉ። በ1970 የኒክሰን መንግሥት አስቆመው። በ1974 ቦታው ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ ሆነ። ከዚያ ሁሉ ዕቅድ የቀረው አንድ ማኮብኮቢያ ነው፤ ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር ከ200 ሜትር ገደማ። ለአብራሪዎች ልምምድ ይውል ነበር።

ዛሬ ድንኳኑ የተተከለው እዚያው ማኮብኮቢያ አጠገብ ነው። ፍርድ ቤት የሄደውም ያው የማርጆሪ ዳግላስ ማኅበር ከአንድ ሌላ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ጋር ሆኖ ነው። በጁላይ ሚኮሱኪዎችም ገቡበት። ክሱ ቀላል ነው። የፌዴራል መንግሥት እጁ ያለበት ትልቅ ሥራ ከመሰራቱ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያመጣው ጉዳት ይጠና፣ ሕዝብም ይጠየቅ ይላል ሕጉ። እዚህ ጥናትም የለም፣ ጥያቄም የለም። የፍሎሪዳ አገረ ገዥ ለስደተኞች ጉዳይ ብለው ያወጁትን የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ተጠቅመው ቦታውን ከማያሚ-ዴድ አውራጃ ወሰዱት። ዳኛ ካትሊን ዊሊያምስ በኦገስት 21 አዲስ እስረኛ እንዳይገባ፣ በ60 ቀን ውስጥም ጄኔሬተሩና መብራቱ እንዲነሳ አዘዙ። ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ።

ደስታው ሁለት ሳምንት ነው የቆየው። በሴፕቴምበር 4 የይግባኝ ፍርድ ቤት 2 ለ 1 ትዕዛዙን አገደው። ምክንያቱን ልብ በሉልኝ። እስካሁን የወጣው የፍሎሪዳ ገንዘብ ነው፤ የፌዴራል ገንዘብ ስለሌለበት የፌዴራሉ ሕግ አይመለከተውም አሉ። ከወር በኋላ የፌዴራል መንግሥት ለፍሎሪዳ 608 ሚሊዮን ዶላር ማካካሻ አጸደቀ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ሹፌር ነኝ። ግን ደረሰኝ ማንበብ አውቃለሁ።

አሁን ብዕር ያስነሳኝ ደግሞ የዲሴምበር መጨረሻው ነገር ነው። ሚኮሱኪዎች ኤቨርግሌድስ ፓርክ ውስጥ ኦስዮላ ካምፕ የሚባል መንደር አላቸው። ጎርፍ ያስቸግረዋል። መንደሩ ወደ ጎሳው ይዞታ እንዲካተትና ከጎርፍ እንዲጠበቅ የሚል ሕግ ሁለቱም ምክር ቤቶች አጽድቀውት ነበር። ፕሬዚዳንቱ ውድቅ አደረጉት። በጻፉት ምክንያት ውስጥ ጎሳው የስደተኛ ፖሊሲያቸውን ማደናቀፉን ጠቅሰዋል። ይታያችሁ። በእኛ በስደተኞቹ ጉዳይ ፍርድ ቤት ስለቆሙ መንደራቸው በጎርፍ ይቀመጥ ማለት ነው። ወንድሜ «እኛን ምን አገባን» ያሉት ይህን ሳያውቁ ነው ብዬ ልገምት። ሚኮሱኪዎቹ መሬታችን ብለው ነው የተነሱት፤ ይሁን። ግን ዋጋውን እየከፈሉ ያሉት ከእኛ ጋር ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህን ሁሉ ሳነብ ወደ አእምሮዬ የሚመጡት የባሕር ዳር ነገደ ወይጦዎች ናቸው። በልጅነቴ ከሐይቁ ዳር ደንገል ቆርጠው፣ አድርቀው፣ ታንኳ ሲያስሩ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ጣታቸው ሳያዩት ነው የሚያስረው። ጣና የነሱ ነው፤ ከሁላችንም በፊት እዚያ ነበሩ። እኛ ግን ምን እንባል ነበር? ከነሱ ጋር አትብሉ፣ ቤታቸው አትግቡ። ከተማው ሲሰፋ፣ ሆቴሉና መናፈሻው ሲመጣ፣ ከውሃው ዳር እየተገፉ ወደ ኋላ ሄዱ። ደንገሉም አብሮ ሳሳ። ማንም «ሰው አለበት» አላለም። እኔም አላልኩም። ልጅ ነበርኩ ልል እችላለሁ፤ ትልቅ ሆኜም አላልኩም። ስለዚህ ስለ ሚኮሱኪ የምጮኸው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። «ባዶ ቦታ» የሚባል ነገር እንዴት እንደሚፈጠር ስላየሁ ነው። መጀመሪያ ሰዎቹ ከቁጥር ይወጣሉ፤ መሬቱ ባዶ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ሕጉ ልመለስ ብያለሁ። ወንድሜ፣ የኢሚግሬሽን ማቆያ የወንጀል ቅጣት አይደለም። በሕጉ የአስተዳደር ጉዳይ ነው። እኔ ሰባት ወር ስታሰር የተከሰስኩበት ወንጀል አልነበረም። ጉዳይህ እስኪታይ ነው የተባልኩት። ስለዚህ ወደ ሌላ ቦታ ያዙሩት፣ ከተማ ውስጥ ይስሩት እያልኩ አይደለም። በዓመት 450 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል ተብሎ የተገመተ የድንኳን እስር ቤት የትም ቢተከል እቃወማለሁ። ግን አንዱን ሕዝብ ለማሰር የሌላውን ሕዝብ መቃብር አጠገብ ጄኔሬተር መትከል የባሰ ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቤት እንደሌላቸው ተቆጠሩ።

እሁድ እሁድ በሩ ላይ ሰዎች ለጸሎት ይሰበሰባሉ። የተለያየ ሃይማኖት ነው። በኖቬምበር አንድ ጊዜ ሄድኩ። ነጩ አለ፣ ላቲኑ አለ፣ ሚኮሱኪው አለ። ከአበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዲት ሴትዮ የትንኝ መከላከያ አበደሩኝና መዝሙር የታተመበት ወረቀት ሰጡኝ። ዜማውን ስለማላውቀው ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ። ከታምፓ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ከማያሚ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው፤ ማያሚና ፎርት ላውደርዴል ያላችሁ ወገኖች አስቡበት። አባቶች ካህናት፣ ከጥምቀት በኋላ አንድ እሁድ ብትመጡ ከዜማ አንቸገርም ነበር።

ያ ጓደኛዬ በቲፒኤስ፣ ለጊዜው ከመባረር በሚጠብቅ ፈቃድ ነው የሚኖረው። በ2022 ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ማለት ነው። ይህ ፈቃድ እንደሚነሳ በዲሴምበር 2025 ታወጀ። በገና ዋዜማ እንኳን አደረሰህ ሊለኝ ደወለ። ዶሮው ሲጠበስ ይሰማል፣ ልጆቹ ይጮሃሉ። ስለ ወረቀቱ ጠየቅኩት፤ ጠበቃ ይዣለሁ አለኝ። ከዚያ ሳቀ። «ግድ የለም፣ እዚያ ከወሰዱኝ ሽንት ቤቶቹን ያወረድኳቸው እኔ ነኝ፤ የትኛው በር እንደማይዘጋ አውቃለሁ» አለ።

እኔ አልሳቅኩም። እሱም ዝም አለ። ከዚያ ዶሮው እንዳያርር ብሎ ዘጋው።

አክባሪያችሁ፣
የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከታምፓ፣ ፍሎሪዳ